ዝናብ ሲጥል በቤዝጌለርት፦ የዌልስ ተራሮች የዝናብ ቀን መዋያዎች

በሰሜን ምዕራብ ዌልስ፣ ግላስሊንና ኮልዊን የተባሉ ወንዞች በሚገናኙበት ሸለቆ ቤዝጌለርት የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ለዕረፍት የሚመጣባት እንግዳ በአብዛኛው ተራራ ለመውጣት ያሰበ ነው፤ የዌልስ ትልቁ ተራራ፣ 1,085 ሜትር ከፍታ ያለውና እንግሊዞች ስኖውዶን፣ የአገሬው ሰዎች ኧር ዊዝቫ የሚሉት፣ ቅርቧ ነው። ዝናቡ ግን የእንግዳን ሐሳብ አይጠይቅም። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው የምዕራብ ነፋስ ከተራሮቹ ጋር ሲጋፈጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይቀዘቅዛል፤ የያዘውንም እዚያው ያራግፋል። ከኧር ዊዝቫ ጎን ያለው ክሪብ ጎኽ የተባለ ሸንተረር በዓመት በአማካይ ከ4,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ስለሚወርድበት በብሪታንያ እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው። ወሩን ጠብቆ ገብቶ የሚወጣ ክረምት እዚህ የለም፤ በበጋቸው እኩሌታም ዶፍ ይወርዳል። ዌልሶች እንዲህ ሲሆን «አሮጊቶችና ምርኩዞች እየዘነቡ ነው» ይላሉ።

ተራራው በጉም ተሸፍኖ ከጠዋቱ ሲዘንብ የዕረፍት ሰው ወዴት ይሄዳል? ብዙውን ጊዜ ወደ መሬት ውስጥ። ከመንደሯ ብዙ ሳይርቅ ሰጊን የተባለ የመዳብ ማውጫ አለ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1903 ቆሞ ዋሻው ለዓመታት ተረስቶ ቆየና በ1986 ለጎብኚ ተከፈተ። ጎብኚው በደረጃና በጠባብ መተላለፊያ እየወጣና እየወረደ፣ ማዕድኑ ቀለም የቀባቸውን፣ ከጣሪያ የተንጠለጠሉና ከወለል የበቀሉ የድንጋይ ጣቶች ያያል። ከዝናብ ሸሽቶ የገባ ሰው ግን ፈጽሞ ይደርቃል ማለት አይደለም፤ ዋሻውም ያንጠባጥባል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዞ ወደ ብላይናይ ፌስቲኒዮግ ነው። ይህች ከተማ የኖረችው በስሌት ነው፤ ስሌት ማለት በመሮ ሲመቱት እንደ መጽሐፍ ገጽ በስሱ የሚሰነጠቅ፣ ለቤት ጣሪያ የሚሆን ግራጫ ድንጋይ ነው። የአውሮፓ ከተሞች በኢንዱስትሪው ዘመን ሲስፋፉ ስንቱን ቤት ከዝናብ የጋረደው የእነዚህ ተራሮች ድንጋይ ነበር። ዛሬ ዝናብ የሚሸሸው ጎብኚ የሚጠለለው የጣሪያው ድንጋይ በወጣበት ጉድጓድ መሆኑ ለእኔ የአካባቢው ዋና ገጽታ ነው። ሌኽዌዝ የተባለው የድንጋይ ካባ ከ1972 ጀምሮ ጎብኚ ይቀበላል፤ በጣም ቀጥ ባለ ሐዲድ በሚወርድ ፉርጎ ወደ ጥልቁ ይገባል። ሠራተኞቹ ጭናቸው ላይ በተጠመጠመ ሰንሰለት ከድንጋዩ ግድግዳ ተንጠልጥለው፣ በሻማ ብርሃን ይቦረቡሩ ነበር። ሻማውንም ባሩዱንም የሚገዙት ከራሳቸው ገቢ ነው። የተጠረበው ድንጋይ በመጠኑ «ዱቼስ»፣ «ካውንቴስ»፣ «ሌዲ» እየተባለ በወይዛዝርት ማዕረግ ሲሸጥ፣ ጠራቢው ሳንባው በአቧራ ይሞላ ነበር። አሁን በአንዱ ዋሻ ውስጥ መረብ ተዘርግቶ ልጆች ይዘሉበታል። ጉዳዩ ትንሽ ቅር ቢያሰኝም፣ በዝናብ ቤት የታጎሩ ልጆች ያሉት ወላጅ አይፈርድም። ዋሻው በበጋም ቀዝቃዛ ስለሆነ ጃኬት ግድ ነው።

እዚያው አቅራቢያ የሚገኘው የማኖድ ዋሻ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌላ እንግዳ ነበረው። ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ የብሔራዊ የሥዕል ሙዚየሟ ሥዕሎች ከ1941 እስከ ጦርነቱ ማብቂያ እዚህ ተራራ ሆድ ውስጥ ተቀመጡ። ትልልቆቹን ለማስገባት የዋሻው በር በፈንጂ እንዲሰፋ ተደርጓል። አካባቢው በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ብላይናይ በድንጋይ ፍርስራሽ ክምሯ ምክንያት ከፓርኩ መሐል ተቆርጣ ቀረች፤ በ2021 ግን ያው የስሌት ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ወደ ብላይናይ በመኪናም ይደረሳል፤ ለዝናብ ቀን ግን ባቡሩ ይሻላል። የዌልስ ሃይላንድ ባቡር ቤዝጌለርትን አቋርጦ ወደ ፖርትማዶግ ወደብ ይወርዳል፤ ከዚያ የፌስቲኒዮግ ባቡር ወደ ተራራው ይወጣል። የፌስቲኒዮግ መስመር በ1836 ሲከፈት ሞተር አልነበረውም። ስድሳ ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ድንጋይ የጫኑት ፉርጎዎች በራሳቸው ክብደት ወደ ባሕሩ ይንደረደራሉ፤ ባዶዎቹን ወደ ላይ የሚጎትቱት ፈረሶች ሲመለሱ በተዘጋጀላቸው ፉርጎ ተሳፍረው፣ ገለባ እየበሉ ይወርዱ ነበር። የእንፋሎት ሞተር የመጣው በ1863 ነው። መስመሩ በ1946 ተዘግቶ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ዳግም ተነሣ፤ እስከ ብላይናይ የደረሰውም በ1982 ነው። ከላንበሪስ ወደ ኧር ዊዝቫ ጫፍ የሚወጣው የ1896ቱ ባቡር በዝናብ ቀን አይመከርም፤ ገንዘብ ከፍሎ ነጭ ጉም ማየት ነው። ላንበሪስ ያለው የስሌት ሙዚየም ደግሞ በኅዳር 2024 ለትልቅ እድሳት ስለተዘጋ፣ መከፈቱን አረጋግጦ መሄድ ይገባል።

የካርናርቮንና የኮንዊ ግንቦች በዝናብም ይጎበኛሉ፤ ይሁንና አብዛኛው ክፍላቸው ጣሪያ አልባ ነው። ቤቱስ ኧ ኮይድ አጠገብ ያለው ፏፏቴ ግን ዝናብ የሚያምርበት ነው፤ በደረቅ ሰሞን የሚከፋፈለው ውሃ ከዶፍ በኋላ አንድ ሆኖ ያገሳል።

ከቀትር በኋላ ሻይ ቤት መግባት የተለመደ ነው። በብረት ምጣድ የሚጋገር ዘቢብ ያለበት ቂጣ፣ ወይም ፍሬው ቀድሞ ሻይ ውስጥ የተዘፈዘፈ ባራ ብሪዝ የሚባል ዳቦ ይቀርባል። ዝናቡ ወደ ካፊያ ከተለወጠ ደግሞ በወንዙ ዳር ጌለርት የተባለ ውሻ መቃብር አለ። ልዑሉ ልዌሊን ውሻው ልጁን የበላበት መስሎት በሰይፍ ከገደለው በኋላ፣ ልጁን በሕይወት፣ ውሻው የገደለውን ተኩላ ደግሞ ሞቶ አገኘ ይባላል። የመንደሯ ስም ግን ከውሻው ሳይሆን ከአንድ ጥንታዊ ቅዱስ ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል፤ መቃብሩን ያቆመውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግዳ ለመሳብ የፈለገ የሆቴል ባለቤት ነው ይባላል። ይህን አንብቦ የመጣውም ሰው ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ በጭቃው መንገድ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል።