ሃይስኩል እያሉ የኮሌጅ ክሬዲት፦ የሚወራውና እውነታው

አሜሪካ ልጅ የሚያሳድጉ ሐበሻ ወላጆች ሲገናኙ የማይቀር ወሬ አለ። «የእገሌ ልጅ ሃይስኩል ሲጨርስ የሁለት ዓመት ኮሌጅ አብሮ ጨረሰ።» ይህ በእርግጥ ይቻላል፤ ለቤተሰብም ትልቅ እፎይታ ነው። ከወሬው ጋር የሚዞሩት ስህተቶች ግን ልጆቻችንን እየጎዱ ስለሆነ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኤፒም ዱዋል ኢንሮልመንትም ያው ነው»

አይደለም። ኤፒ ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ያለው ትምህርት ነው። የኮሌጅ ክሬዲት፣ ማለትም ለዲግሪ የሚቆጠር ነጥብ፣ የሚያስገኘው በሜይ ወር ያለው ፈተና ሲሆን፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። ዓመቱን ሙሉ ኤ ስታመጣ የቆየች ልጅ ፈተናው ላይ 2 ካገኘች ክሬዲቱ ቀረ ማለት ነው። ዱዋል ኢንሮልመንት ግን ሃይስኩል እያለች የምትወስደው ራሱ የኮሌጅ ኮርስ ነው። ኮርሱን ካለፈች ክሬዲቱ የእሷ ነው።

«ሁሉም በነፃ ነው»

እንደ ስቴቱ ይለያያል። ሚኒሶታ በ1985 ፒኤስኢኦ የተባለውን የዱዋል ኢንሮልመንት ፕሮግራም ስትጀምር በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ እዚያ ትምህርቱም መጽሐፉም በነፃ ነው። በዋሽንግተን ስቴት ራኒንግ ስታርት በተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ደግሞ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለትምህርቱ አይከፍሉም። መጽሐፍ፣ አንዳንድ ክፍያዎችና ትራንስፖርት ግን ከቤት ነው። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ እርዳታ አለ፤ አፍሮ ዝም ማለት አያስፈልግም፣ ይጠየቅ። በፔል ግራንት፣ የፌዴራል መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የኮሌጅ ተማሪዎች በሚሰጠው እርዳታ፣ እከፍላለሁ ማለት ግን አይሠራም። በመደበኛው ሕግ ሃይስኩል ያልጨረሰ ተማሪ ፔል አያገኝም።

«አንዴ ካገኘው የትም ይቆጠርለታል»

ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ክሬዲቱ ይቆጠር አይቆጠር የሚወስነው ልጁ በኋላ የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ነው። የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ከዚያው ስቴት ኮሚኒቲ ኮሌጅ የመጣውን ባብዛኛው ይቀበላሉ። ወደ ሌላ ስቴት ወይም ወደ ታዋቂ የግል ዩኒቨርሲቲ ሲኬድ ግን ነገሩ ጥብቅ ይሆናል። በኤፒም አንዱ 3 ሲበቃው ሌላው 4 ወይም 5 ይላል። ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ።

ቢቀበሉትስ? ተቀበሉት ማለት ዲግሪውን አሳጠረለት ማለት አይደለም። ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ካልኩለስ ወስዶ ከሆነ በእጅጉ ይጠቅመዋል። ሦስት የሳይኮሎጂ ኮርሶች ግን ኤሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ተብለው ትራንስክሪፕቱ፣ ማለትም የውጤት መዝገቡ፣ ላይ ይቀመጡለታል እንጂ አንድ ሰሚስተር እንኳ ላይቀንሱለት ይችላሉ። ልጃችን ዶክተር ትሁን የምንል ደግሞ ይበልጥ እንጠንቀቅ። ለባዮሎጂና ለኬሚስትሪ የኤፒ ክሬዲት የማይቀበሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አሉ። እነዚህ ትምህርቶች በአራት ዓመት ኮሌጅ እንዲወሰዱ የሚመርጡም አሉ። ስለዚህ ከመመዝገቧ በፊት የምትመኛቸውን ሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ከፍታችሁ የትኛው ኮርስ በምን እንደሚቆጠር አብራችሁ እዩ። የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

«ካቃተው ይተወዋል»

ቢተወውም መዝገቡ አይተወውም። በ16 ዓመቱ ያገኘው ኤፍ የኮሌጅ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይቆያል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ያቋረጠው ኮርስም ደብሊው (ያቋረጠው) ሆኖ ይመዘገባል። በኋላ ፋይናንሻል ኤይድ ሲጠይቅ ኮሌጁ ልጁ ከሞከራቸው ኮርሶች ስንቱን እንዳለፈ ያያል። ፍጥነቱም ቀላል አይደለም። በራኒንግ ስታርት አንድ ባለ 5 ክሬዲት የኮሌጅ ኮርስ እንደ አንድ ሙሉ የሃይስኩል ክሬዲት ይቆጠራል። ሃይስኩል ዓመት የሚፈጀው እዚያ በአንድ ኳርተር፣ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። እኔ የምመክረው በመጀመሪያው ኳርተር በአንድ ኮርስ እንዲጀመር ነው፤ ጎረቤት ሦስት ቢያስመዘግብም።

«ውጤቱን ደውዬ እጠይቃለሁ»

ልጁ 18 ባይሞላውም፣ ኮሌጅ ከተመዘገበ ፌርፓ በተባለው የፌዴራል ሕግ የኮሌጅ መዝገቡ ላይ ያለው መብት ወደ እሱ ይዞራል። ኮሌጁ ለወላጅ ከመንገሩ በፊት የልጁን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። የፈቃድ ፎርም ካለ በጊዜ ይፈርም፤ ውጤቱንም ራሱ ከፍቶ ያሳያችሁ።

«ትራንስፈር ተማሪ ይባልና ስኮላርሺፕ ያመልጠዋል»

ሃይስኩል ሳይጨርስ ያገኘው ክሬዲት ከሆነ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ ኮሌጅ እንደተዛወረ (ትራንስፈር) ሳይሆን እንደ አዲስ ገቢ ተማሪ ነው የሚያዩት።

«አማርኛው ለኮሌጅ ምን ያደርግለታል?»

ሚኒሶታ ውስጥ በአማርኛም ተፈትኖ የሁለት ቋንቋ ችሎታ ማረጋገጫ ማግኘት ይቻላል። ይህን የያዘ ልጅ ሚኒሶታ ስቴት በሚባለው ሥርዓት ሥር ካሉት የስቴቱ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲገባ የቋንቋ ክሬዲት ይሰጠዋል። ሌሎች ስቴቶችም የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ካውንስለሩን መጠየቅ ነው። ቤት ውስጥ መናገሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ጽሑፍም ይፈተናል። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ካለ 9ኛ ክፍል ሲገባ ቢጀምር ለመለማመድ በቂ ጊዜ ይኖረዋል።