ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወዳጄ ዴስክቶፑን አቅፎ መጣ። «አርጅቷል መሰለኝ፣ ልሽጠው?» አለኝ። ያለቀለትን 60 ጊጋባይት ቪዲዮ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ሲጀምር አቦል ይቀዳል፤ ቶናው ተጠጥቶም አያልቅም። ከፈትኩት። ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ ራሙ 8 ጊጋ። አብሽር አልኩት፤ ማሽኑ ገና ነው፣ ያረጀው በሩ ነው።

በሩ ዩኤስቢ 2 ነበር፤ ቢበዛ በሰከንድ 480 ሜጋቢት (8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 60 ሜጋባይት) የሚያሳልፍ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3 ግን 5 ጊጋቢት ያሳልፋል። አሮጌ ማሽን ላይ ይህን በር የምንከፍተው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ባዶውን በተቀመጠው የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት፣ ማለትም የካርድ መሰኪያ ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ የሚባለው እዚህ ስሎት ላይ የሚሰካው ነው፤ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ፣ ተጨማሪ ሳታ (የውስጥ ዲስክ መሰኪያ) ወይም የኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ከሳታው የሚፈጥን ዲስክ) ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል።

ስሎቶቹ ርዝመታቸው ይለያያል። አጭሩ ባለ 1 ሌን (የዳታ መስመር)፣ ረጅሙ ብዙውን ጊዜ ባለ 16 ነው። አጭር ካርድ ረጅም ስሎት ላይ ያለ ችግር ይሠራል። የወዳጄ ማሽን ሁለተኛው የፒሲአይ ኤክስፕረስ ትውልድ ስለሆነ አንዱ ሌን በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል። ለኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከበቂ በላይ ነው። ውድ ኤንቪኤምኢ ገዝታችሁ በባለ 1 ሌን ብትሰኩት ግን የምታገኙት ያችኑ 500 ነው። መኪናው የቱንም ያህል ቢፈጥን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው በጠመዝማዛው ሐረጎ ላይ የሚሄደው በሐረጎ ኩርባ ልክ ነው።

ኤንቪኤምኢ ሌላም ጣጣ አለው፦ የዚያ ዘመን ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) አብዛኛው ከእሱ ዊንዶውስ ማስነሳት አያውቅም። ዊንዶውስ 10 ከተነሳ በኋላ እንደ ተጨማሪ ድራይቭ ያየዋል፣ በቃ። ስለዚህ ለዊንዶውሱ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ ይበቃል ባይ ነኝ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ ለዩኤስቢ 3 ካርዱ ድራይቨር መጫን አለባችሁ።

ካርዱ ላይ የፓወር መሰኪያ ካለ ከፓወር ሰፕላዩ ገመድ አምጥታችሁ ስኩበት። ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከዚያ ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ እያለ ሲጠፋ «ካርዱ ፎርጅድ ነው» ይላል።

ወዳጄ ካርዱን በማግስቱ ይዞ መጣ። ስሎቱ ልክ ነው፤ ኬዙ ግን ቀጭን፣ ካርዱ ጫፍ ላይ ያለው ብረት ረጅም። አልዘጋ አለን። ለቀጭን ኬዝ ከካርዱ ጋር የምትመጣው አጭሯ ብረት የት ሄደች ብዬ ብጠይቀው፣ ካርቶኑን ሱቁ በር ላይ ጥሎት ነው የመጣው። ብረቱን ፈትተን ካርዱን ያለ ብሎን ሰካነው። 60 ጊጋባይቱ በ10 ደቂቃ ገደማ አለቀ፤ ፍላሽ ሲነቅል ግን እስካሁን ካርዱን በአንድ እጁ ይይዛል።