ውድ ኬብል፣ ውድ ሸክላ፦ ስለ ድምፅ ጥራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ታኅሣሥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየር እና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አሉ። ከስፒከሮቹ ጀርባ አውራ ጣት የሚያህል፣ ጨርቅ የለበሰ ወፍራም ኬብል ተጋድሟል። «ይቺን 900 ዶላር ነው የገዛኋት» አለኝ። ሻጩ «ድምፁ ላይ ያለውን መጋረጃ ትገልጥልሃለች» ብሎት ነበር።

እኔ ሸክላ እወዳለሁ። ነገሩ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው፣ በተለይ ገና ጀማሪው፣ ገንዘቡን ሙዚቃው ላይ ሳይሆን በሙዚቃ ስም የሚሸጥ ወሬ ላይ ያፈሳል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነዚህን ወሬዎች አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ውድ ኬብል ድምፁን ያጠራዋል»

የስፒከር ኬብል ሥራው አንድ ነው። ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ስፒከሩ ጋ ያደርሳል። ይህን ደግሞ ተራ የመዳብ ሽቦ በደንብ ይሠራዋል። ውፍረቱ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ የመዳብ ኬብል ደርሶ መልስ ኤሌክትሪኩን የሚይዝበት ተቃውሞ (ሬዚስታንስ፣ በኦም የሚለካው) 0.04 ኦም ገደማ ነው። ስፒከሩ ራሱ ብዙ ጊዜ 8 ኦም ነው። ስለዚህ ኬብሉ ከስፒከሩ ጋር ሲነጻጸር 1 ለ200 ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ ሽቦውን ወርቅ ቢቀቡት፣ ከብር ቢሠሩት፣ ጆሮ የሚይዘው ለውጥ አይመጣም።

በ2007 ጄምስ ራንዲ የተባለው አሜሪካዊ ምትሃተኛ፣ ፔር የተባለ ኩባንያ 7,250 ዶላር የሚሸጠውን የስፒከር ኬብል ዓይኑን ሸፍኖ ከተራው ኬብል ለሚለይ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ፈተናው ሳይካሄድ ቀረ፤ ገንዘቡንም የወሰደ የለም። በ2008 ደግሞ ዴኖን 1.5 ሜትር የኔትወርክ ኬብል በ499 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ኬብሉ ላይ መረጃው የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ነበረበት። በኔትወርክ ኬብል መረጃው በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሄደው።

ወደ ጓደኛዬ ሳሎን ልመለስ። «እንሞክረው» አልኩት። እናቱ ሊጠይቁት መጥተው ስለነበር ዳኛ እሳቸው ሆኑ። ከስፒከሮቹ ፊት ነጠላቸውን ዘርግተን ኬብሉ እንዳይታየን ሸፈንነው። እሳቸው ሳንቲም ይወረውራሉ። ዘውድ ከወጣ ውዱን ኬብል፣ ጎፈር ከወጣ የ15 ዶላሩን። አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ይቀይራሉ፣ መልሰው ያበራሉ፣ ያንኑ ዘፈን ከመጀመሪያው ያስጀምራሉ። ድምፅ መጨመሪያውን ማንም አይነካም። ጓደኛዬ ሶፋው ላይ ተቀምጦ «ውዱ ነው» ወይም «ርካሹ ነው» ይላል። እናቱ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። እንዲህ 16 ጊዜ ደገምነው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

ያገኘው 9 ነው። በግምት ብቻ 8 ይገኛል። በ16 ሙከራ አንድ ሰው እየሰማ ነው ለማለት ቢያንስ 12 ማግኘት አለበት።

እናቱ ደብተሩን አጠፉና «ልጄ፣ ስንት ነው የገዛኸው?» አሉት። ነገራቸው። ምንም አላሉም። እሱም ዝም አለ።

ኬብል ፈጽሞ ለውጥ አያመጣም እያልኩ ግን አይደለም። ሽቦው በጣም ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ወይም ጫፉ ከላላ፣ ድምፁ ይጎዳል። የሸክላ ማጫወቻው የግራውንድ ሽቦ ካልታሰረ «እ...ም» የሚል ጉምጉምታ ይሰማል። እነዚህን ለማስተካከል ግን ከ20 ዶላር በላይ አያስፈልግም።

«እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ»

ይህን የሚለው ሰው አይዋሽም። የምር ሰምቶታል። ችግሩ የምንሰማው በጆሯችን ብቻ አለመሆኑ ነው። ዋጋውን ማወቃችን፣ የዕቃው ክብደት፣ የሻጩ አነጋገር፣ ሁሉም ከድምፁ ጋር አብሮ ይገባል።

በ1994 ፍሎይድ ቱል እና ሾን ኦሊቭ የተባሉ የሐርማን ኩባንያ ተመራማሪዎች 40 የኩባንያውን ሠራተኞች ስፒከር እንዲያወዳድሩ አደረጉ። አንድ ጊዜ ስፒከሮቹን እያዩ፣ ሌላ ጊዜ ሳያዩ። ድምፁ ያው ነው። ስፒከሮቹን ሲያዩ የሰጡት ነጥብ ግን ሳያዩ ከሰጡት የተለየ ሆነ። ትልልቆቹና ቆንጆዎቹ ሲታዩ ነጥባቸው ከፍ አለ። እነዚህ ሰዎች እዚያው ኦዲዮ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው፤ ስለ ድምፅ የማያውቁ አይደሉም።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከሁለት ዕቃዎች አንዱ በጣም በትንሹ ድምፁ ከፍ ካለ፣ ጆሯችን «ከፍ ያለ ነው» አይለውም፤ «ይሄኛው ይጠራል፣ ይሞቃል» ነው የሚለው። ሱቅ ውስጥ ሁለት አምፕሊፋየር አወዳድሩ ብለው ሲያስቀምጧችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ የሁለቱ ድምፅ መጠን በመሣሪያ ተለክቶ እኩል መደረጉን ነው። ካልተለካ ያ ውድድር አይባልም።

«ሲዲ ድምፁን ይቆራርጠዋል፤ ሸክላ ግን ሙሉውን ይይዛል»

ይህ በጣም የተስፋፋ ነው። ከሥሩም አንድ ሥዕል አለ፤ የሸክላው ሞገድ ለስላሳ፣ የሲዲው ሞገድ እንደ ደረጃ የተሰባበረ ሆኖ የሚታይበት። ሥዕሉ ስህተት ነው። ሲዲ በአንድ ሰከንድ 44,100 ጊዜ የድምፁን ልክ ይይዛል። ከ22 ሺህ ኸርዝ (በሰከንድ 22 ሺህ ንዝረት) በታች ላለ ድምፅ፣ በእነዚያ ነጥቦች ሁሉ ሊያልፍ የሚችለው ሞገድ አንድ ብቻ ነው። ማጫወቻው ያንኑ ለስላሳ ሞገድ መልሶ ያወጣዋል። ደረጃው ከስፒከሩ አይወጣም። የወጣት ጆሮ ደግሞ የሚሰማው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ከዚያም ይወርዳል።

በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከሲዲ በላይ ጥራት አላቸው የሚባሉ ቅጂዎችን ወስዶ፣ አንዴ እንዳሉ፣ አንዴ በሲዲ ልክ አሳልፎ አሰማ። አድማጮች በ554 ሙከራ በትክክል የለዩት 276 ጊዜ ነው። ግማሹን እንኳ አልሞላም።

ሸክላው ግን ወሰን አለው። በጣም ለስላሳ እና በጣም ኃይለኛ በሆነው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት በሲዲ 96 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ሲሆን በሸክላ ከ60 እስከ 70 ገደማ ነው። ከሁሉ ግልጽ የሆነው ደግሞ ይህ ነው፤ ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል። ጠርዙ ላይ መርፌው በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር መስመር ያነብባል። መጨረሻው ጋ ሲደርስ 21 ሴንቲሜትር ብቻ። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ይጨናነቃል። የእያንዳንዱን ገጽ የመጨረሻ ዘፈን አድምጡ፤ «ሰ» እና «ሸ» የሚሉ ድምፆች ሲሻክሩ ትሰማላችሁ።

ታዲያ አንዳንድ ሸክላ ከሲዲው የሚጥመን ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሸክላው ማስተር (ለኅትመት የሚዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) ከሲዲው የተለየ መሆኑ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሲዲዎች ድምፃቸው ከፍ ብሎ እንዲሰማ ተጨምቀው ነው የወጡት። ለስላሳውም ኃይለኛውም እኩል ይጮኻል። ለሸክላ የተዘጋጀው ማስተር አንዳንዴ ከዚህ ያመልጣል። ስለዚህ «ይሄ ሸክላ ከሲዲው ይሻላል» የሚል ሰው ልክ ሊሆን ይችላል። የሳተው ምክንያቱን ብቻ ነው።

«አናሎግ ነው ከተባለ ዲጂታል አልነካውም»

አናሎግ የሚባለው ድምፁ ወደ ቁጥር ሳይቀየር እንደ ሞገድ ሲያዝ ነው፤ ዲጂታል ደግሞ እንደ ሲዲ በቁጥር ሲያዝ። ሞባይል ፊዴሊቲ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከመጀመሪያው ቴፕ የተቀዳ በሚል ሸክላዎቹን በውድ ይሸጣል። በ2022 በሐምሌ ፊኒክስ ከተማ ያለ አንድ የሸክላ ሱቅ ባለቤት ጉዳዩን በቪዲዮ አነሣ። የድርጅቱ መሐንዲሶችም ብዙዎቹ ሸክላዎች መካከል ላይ በዲጂታል ቅጂ እንዳለፉ አመኑ። ነገሩ የተጀመረው በ2011 ነው። ክስ ተመሠረተ፤ ድርጅቱም ለገዢዎች ካሳ ለመክፈል ተስማማ።

እኔን የገረመኝ ክሱ አይደለም። በእነዚያ 11 ዓመታት ዲጂታል ድምፅን ወዲያው እለያለሁ የሚሉ ገምጋሚዎች እነዚያኑ ሸክላዎች «የአናሎግ ጣዕም» እያሉ ሲያወድሱ ነበር። ሸክላዎቹ ደግሞ በእውነት ጥሩ ናቸው። ዲጂታሉ አላበላሻቸውም።

«180 ግራም ሸክላ የተሻለ ድምፅ አለው»

ወፈር ስላለ በቀላሉ አይጣመምም ይባላል። ሲይዙትም ደስ ይላል። መስመሩ ግን በቀጭኑ ሸክላ ላይ ካለው አንድ ነው። መርፌው ውፍረቱን አያውቅም።

«ውድ ሸክላ ማለት ጥሩ ድምፅ ያለው ሸክላ ነው»

በ2015 የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ ነጩ አልበም፣ ቁጥር 0000001 የታተመበት የከበሮ መቺው የሪንጎ ስታር ቅጂ፣ በጨረታ 790,000 ዶላር ተሸጠ። ዋጋው የቁጥሩ እና የባለቤቱ ነው። በዚያው ፋብሪካ በዚያው ሰሞን የወጣ ሌላ ቅጂ ያንኑ ሙዚቃ ይዟል። ሰብሳቢ መሆን ነውር አይደለም፤ ለታሪክ፣ ለብርቅነት መክፈል የራስ ምርጫ ነው። ግን ለምን እንደከፈልን እንወቅ።

«አሮጌ የኢትዮጵያ ሸክላ ሁሉ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል»

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ እኛን የሚነካው እሱ ነውና። ኢትዮጲክ የተባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሲዲ ተከታታይ በፈረንሳይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መውጣት ሲጀምር ዓለም ለአዲስ አበባ ሙዚቃ ጆሮውን ሰጠ። የሸክላዎቹም ዋጋ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ውጭ ያለው ዘመድ ሁሉ እየደወለ «የአባባ ሸክላዎች አሉ? እንዳትሸጡ» ይላል። አገር ቤት ያለው ደግሞ ሣጥኑን ከፍቶ ሀብት ያገኘ ይመስለዋል።

እውነታው ሁለት ገጽ አለው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብቱ በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። እሱ ግን ደፈረ። የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ፤ በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣም ከ100 በላይ ሲንግል አወጣ። ካይፋ እና ፊሊፕስ የተባሉ ሸክላ አሳታሚዎችም ነበሩ። ኅትመቱ ውጭ አገር ነው የሚሠራው፤ የእያንዳንዱም ብዛት ትንሽ ነበር። ብርቅ ያደረጋቸው ይህ ነው።

ዋጋውን የሚወስነው ግን ይዞታው ነው። የእነዚያ ዓመታት ሸክላ በጠጅ ቤት፣ በቡና ቤት፣ በሠርግ ቤት እስኪጠግብ ተጫውቷል። መርፌው ያረጀ፣ ክንዱ የከበደ ማጫወቻ ደግሞ መስመሩን አርሶታል። እንዲህ ያለው ሸክላ ተወዳጅ ዘፋኝ ቢኖርበትም ሰብሳቢ ብዙም አይከፍልበትም። ያልተጫረ፣ ሽፋኑ ያልተቀደደ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ቤታችሁ መጥቶ ሣጥኑን በሙሉ በአንድ ዋጋ ልውሰደው ካለ አትቸኩሉ። አንድ በአንድ አውጡ፣ በብርሃን እዩ፣ የመለያ ቁጥሩን ጻፉ።

ሌላው ገጽ ለእኔ ይበልጣል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በርሊን ላይ ከተቀዳ ወዲህ በሸክላ ከወጣው ውስጥ እንደገና ያልታተመ አለ። የድሮዎቹ ባለ 78ቶች (በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት) እንደ ስማቸው ሸክላ ናቸው፤ ከእጅ ካመለጡ ይሰበራሉ። እናንተ ቤት ያለው ሰብሳቢ የማይፈልገው፣ የተጫረው ሸክላ፣ የዚያ ዘፈን የመጨረሻው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ከመሸጥም ከመጣልም በፊት በጥሩ መርፌ አስቀዱት።

«እንግዲያው ማንኛውም ማጫወቻ ያው ነው»

አይደለም። ይህ ደግሞ የተጠራጣሪዎች ስህተት ነው። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ መርፌያቸው ሸክላው ላይ 5 ግራም ገደማ ይጫናል፤ ደህና ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) 2 ግራም አካባቢ ይበቃዋል። መርፌውም ያልቃል። አልማዝ ቢሆንም ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ካጫወተ በኋላ መቀየር አለበት፤ ያረጀ መርፌ ሸክላውን ይበላዋልና። ስፒከር ከስፒከር ደግሞ በጣም ይለያያል። ክፍሉም እንዲሁ። ስፒከሩን ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ፣ ባዶ ወለል ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ከማንኛውም ኬብል የበለጠ ይሰማል።

ጓደኛዬ ኬብሉን መለሰ፤ ሱቁ 30 ቀን አልሞላውም ብሎ ተቀበለው። መርፌው ለካ ከስድስት ዓመት በፊት የተገዛ ነበር። አዲስ ካርትሪጅ በ150 ዶላር አስገባ፣ ስፒከሮቹን ከጥጉ አወጣቸው። ቅዳሜ ዕለት ደውሎ ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ አደረገው። እናቱ ከአዲስ አበባ ይዘውለት የመጡት ባለ 45 ሸክላ እየተጫወተ ነው። ከጀርባ የእሳቸው ድምፅ ይሰማል። ሳክስፎኑን አልፈው፣ ከዘፋኙ አንድ ቃል ቀድመው እየዘፈኑ ነበር።