የፊላደልፊያ ሴቨንቲ ሲክሰርስ የመልሶ ግንባታ ዓመታት

የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ክለብ ፊላደልፊያ ሴቨንቲ ሲክሰርስ ከ2013 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. የሄደበት መንገድ «ፕሮሰስ» (ሂደት) በሚል ስም ይታወቃል። ዛሬ ነገሩ ሁሉ «ሆን ብሎ መሸነፍ» ተብሎ ቢጠቃለልም፣ ሽንፈቱ የዕቅዱ ቀላሉ ክፍል ነበር።

በጆሽ ሃሪስ የሚመሩ ባለሀብቶች ክለቡን በ2011 በ280 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዙ። መጀመሪያ የሞከሩት አቋራጩን ነው። በ2012 አንድሬ ኢጉዳላንና ወጣቱን ኒኮላ ቩቼቪችን ሰጥተው ግዙፉን አንድሩ ባይነምን አመጡ። ባይነም በጉልበት ሕመም አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ውሉ አለቀ። ቡድኑ 34 አሸንፎ 48 ተሸነፈ፤ ለፕሌይኦፍ (ለዋንጫው ጥሎ ማለፍ) አልበቃ፣ በድራፍቱም፣ ማለትም ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ጥሩ ተራ አላገኘ፤ ከሁለት ያጣ ሆነ።

በ2013 ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሳም ሂንኪ ከዚህ መሃል ሰፋሪነት መውጣት ፈለገ። የድራፍት ዕጣ የሚወጣው ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች ማሽን ውስጥ ተገለባብጠው 4ቱ ሲወጡ ነው። ከሚገኙት 1,001 ጥምረቶች አንዱ አይቆጠርም፤ 1,000ው ፕሌይኦፍ ላልደረሱ ክለቦች ይከፋፈላል። ያኔ የመጨረሻው ደካማ ቡድን 250 ጥምረት፣ ማለትም የአንደኛነት 25 በመቶ ዕድል ነበረው፤ ዕጣው ፊት ቢነሳውም ከ4ኛ በታች አይወርድም።

ስለዚህ ሂንኪ ኮከቡን ጁሩ ሆሊዴይን በጉልበት ጉዳት ላይ ለነበረው ኔርለንስ ኖኤልና ለአንድ የ2014 የድራፍት ምርጫ ለወጠ። ብዙም የማይታወቁ ወጣቶችን በዝቅተኛ ደመወዝ ለ4 ዓመት ያስፈርም ነበር፤ ዋስትና የሚሰጠው ግን ለመጀመሪያው ጊዜ ክፍያ ብቻ ነው። ልጁ ከበሰለ ክለቡ በርካሽ ይዞት ይቆያል፣ ካልሆነም ያለ ዕዳ ያሰናብተዋል። ሮበርት ኮቪንግተን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ከሁሉ የረቀቀው የ2015ቱ የሳክራሜንቶ ስምምነት ነበር። የሳክራሜንቶ ክለብ አዲስ ተጫዋች ለማስፈረም በደመወዝ ጣሪያው (ሊጉ ለተጫዋቾች ደመወዝ ባስቀመጠው ወሰን) ሥር ቦታ ቸገረው። ፊላደልፊያ ባዶ ቦታ ስለነበረው ሦስት ተጫዋቾችን ከነደመወዛቸው ተረከበ፤ ለዚህ ውለታው የወደፊት የአንደኛ ዙር ምርጫና በ2016 እና በ2017 የድራፍት ተራ የመለዋወጥ መብት (የሳክራሜንቶ ተራ ከተሻለ ያንን መውሰድ) አገኘ።

ሜዳ ላይ ውጤቱ ከባድ ነበር፦ በ2013–14 19 ድል፣ ቀጥሎ 18፣ ከዚያ 10 ብቻ። በሁለት ውድድር ዓመታት መካከል 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። አሰልጣኙ ብሬት ብራውን ለማሸነፍ ይሠራ ነበር፤ የተሰጠው ስብስብ ግን አልቻለም።

ትልቁ ስህተት የተጫዋቾች ምርጫ ሚዛን ነው። ኖኤል፣ ጆኤል ኤምቢድና ጃሊል ኦካፎር በተከታታይ ሦስት ዓመታት የመጡ ሲሆን ሦስቱም ሴንተሮች (ቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወቱ ግዙፎች) ናቸው። ሁለቱ አብረው ሲገቡ ከቅርጫቱ ሥር ይጨናነቃሉ፤ አንዱ ሲቀመጥ ደግሞ የገበያ ዋጋው ይወርዳል። ኤምቢድ በእግር ጉዳት ሁለት ሙሉ ዓመት አልተጫወተም። ወጣቶቹን የሚያርም ነባር ተጫዋችም እምብዛም አልነበረም።

ሊጉ ትዕግሥቱ አለቀ። በ2014 ዕጣውን ለመለወጥ የቀረበው ሐሳብ በክለቦቹ ድምፅ 17 ለ13 ቢደገፍም የሚያስፈልገውን 23 ድምፅ አላገኘም። በ2015 መጨረሻ ነባሩ የቅርጫት ኳስ አስተዳዳሪ ጄሪ ኮላንጄሎ በሂንኪ ላይ ተሾመ፤ ሂንኪም በሚያዝያ 2016 ባለ 13 ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ለቀቀ።

ያጠራቀመው ከሄደ በኋላ ተመነዘረ። ቤን ሲመንስ በ2016 በአንደኛነት ተመረጠ፤ በ2017–18 ቡድኑ 52 አሸነፈ፣ የመጨረሻዎቹን 16 በተከታታይ። የሳክራሜንቶው መብት ግን ባከነ። በ2017 ከ5ኛ ወደ 3ኛ ከፍ ያደረጋቸውን ተራ ከሌላ ምርጫ ጋር ለቦስተን ሰጥተው በአንደኝነት ማርኬል ፉልትዝን ወሰዱ፤ ትከሻው ታሞ አልሆነላቸውም። ቦስተን በዚያው 3ኛ ተራ ጄሰን ቴተምን መረጠ።

የዕጣው ለውጥ በ2017 ጸድቆ ከ2019 ጀምሮ ተሠራበት፦ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች እኩል 14 በመቶ ዕድል አላቸው፣ ግርጌ የሆነውም እስከ 5ኛ ተራ ሊወርድ ይችላል።