ያልተጠራ ጥለት፦ በሎጎ ጠርዝ ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር

ነጠላ ጥለት ሲኖረው ያምራል። ሎጎ ግን ማንም ሳያዘው ጥለት ሲያወጣ ጣጣ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ባነር ያሳተመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ባክግራውንዱ ጠፍቷል የተባለው ሎጎ ጥቁር አረንጓዴ ባነር ላይ ሲቀመጥ በፊደሎቹ ዙሪያ ነጭ ክር የመሰለ መስመር ብቅ ይላል። ነጭ ወረቀት ላይ ሲታይ እኮ ምንም አልነበረበትም።

ብዙ ደንበኛ ጥፋቱን ባክግራውንዱን በቆረጠው ልጅ ላይ ያላክካል። አንዳንዴ ልክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ነጭ ሳይቆረጥ የቀረ አይደለም። ከሎጎው ቀለም ጋር የተቀላቀለ ነው።

ምስል የሚሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ነው። በአራት ማዕዘን ክብ ሲሣል ጠርዙ እንደ ደረጃ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጠርዝ ላይ ላሉት ፒክስሎች ከሎጎውም ከጀርባውም ቀለም ቀላቅሎ ይሰጣቸዋል፤ ዓይናችን ለስላሳ አድርጎ ያየዋል። አረንጓዴ በኮምፒውተር ቁጥር 0፣ 128፣ 0 ነው እንበል። ነጭ ደግሞ 255፣ 255፣ 255 ነው። ሁለቱ እኩል ሲቀላቀሉ 128፣ 192፣ 128 ገደማ የሆነ ፈዛዛ አረንጓዴ ይወጣል። ነጩን ምረጥና አጥፋ ሲባል ይህ ድብልቅ «እኔ ነጭ አይደለሁም» ብሎ ይቀራል። መስመሩ እሱ ነው።

የፋይሉ ዓይነትም ድርሻ አለው። ጄፔግ ግልጽ ጀርባ ጭራሽ አያውቅም፤ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል እየከፈለ ስለሚጨምቀው በፊደሉ ዙሪያ እንደ ትንኝ የሚበተን ብናኝ ይተዋል። ጊፍ በ1989 እ.ኤ.አ. ግልጽነት ቢጨመርለትም አንድ ፒክስል ወይ አለ ወይ የለም፤ መሀል የሚባል ነገር የለውም። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒኤንጂ ግን አልፋ በሚባል ተጨማሪ ቻናል ለእያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 255 የግልጽነት መጠን ይይዛል። ለሎጎ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

የእኛ አገር ሎጎ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ማ፣ ቆ፣ ወ፣ ዐ ዓይን፣ ማለትም ዙሪያው የተዘጋ ባዶ ቦታ አላቸው። «ደብረ ማርቆስ» የሚል ጽሑፍ ተመሳሳይ ቀለምን በአንድ ጠቅታ በሚመርጠው ማጂክ ዋንድ ተቆርጦ ከውጭ ቢጸዳም የማ ሁለት ዓይኖችና የቆ ቀለበት ነጭ እንደያዙ ይቀራሉ። መሣሪያው እርስ በርሱ የተያያዘውን ነጭ ብቻ ነው የሚመርጠው። ኮንቲጉየስ የሚለውን ምልክት ማንሳት ዓይኖቹን ያጸዳል። ሎጎው ውስጥ ሆን ተብሎ የገባ ነጭ ካለ ግን እሱንም ይዞት ይሄዳል።

ሌላው የክብ ማህተሙ ነገር ነው። ብዙ የቆየ ትምህርት ቤት ወይም ማኅበር ሎጎ ሲጠየቅ የሚልከው ከደብዳቤ ላይ በስልክ የተነሳ ማህተም ነው። በዚያ ላይ በቴሌግራም ይመጣል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ወደ ጄፔግ ስለሚቀይረው ግልጽ ጀርባ የነበረው ፒኤንጂ እንኳ ግልጽነቱን አጥቶ ይደርሳል። እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንዳለ ነው የሚደርሰው። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ሎጎ ለሚልክ ደንበኛ አስቀድሞ መነገር ያለበት ይህ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርደው የዳማ ገበታ የመሰለ ጀርባ ያለው «ትራንስፓረንት» ሎጎም ሌላ ወጥመድ ነው። ብዙ ጊዜ ዳማው ራሱ የምስሉ አካል ነው።

መፍትሔው እንደ ሎጎው ይለያያል። ባለ አንድ ቀለም ከሆነ ቀላሉን መንገድ ሰዎች ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም። ግልጽ ፒክስሎችን ቆልፎ ሎጎውን በሙሉ በራሱ ቀለም እንደገና መሙላት ነው። የግልጽነቱ መጠን አይነካም፤ የፈዘዘው ቀለም ብቻ ይተካል። የጠርዙ ቅርጽ እንደነበረ ሆኖ ነጩ ይጠፋል።

ባለ ብዙ ቀለም ሲሆን ፎቶሾፕ ውስጥ ሌየር ከሚለው ሥር ማቲንግ አለ። እዚያ ያለው ዲፍሪንጅ በ1 ወይም በ2 ፒክስል ሲታዘዝ የጠርዙን ቀለም ከውስጥ በኩል ባለው ቀለም ይተካዋል። ጀርባው ንጹሕ ነጭ ወይም ጥቁር ከነበረ እዚያው ያለው ሪሙቭ ዋይት ማት ወይም ሪሙቭ ብላክ ማት ይሠራል። በነጻ በሚገኘው ጊምፕ ከለር ቱ አልፋ የሚባለው ነጩን ከድብልቁ ውስጥ አስልቶ ያወጣዋል። ነገር ግን ሎጎው በሙሉ ላይ ከተለቀቀ ፈዛዛ ቀለሞችንም ያሳሳቸዋል፤ ጠርዙን ብቻ መርጦ መጠቀም ይሻላል። ምርጫውን አጥብቦ ዙሪያውን አንድ ፒክስል መላጥም ይቻላል። ለትልቅ ፊደል ጥሩ ነው፤ በማህተም ዙሪያ ያለውን ቀጭን ጽሑፍ ግን ያመነምነዋል።

መስመሩ ሎጎውን ሲያሳንሱ ብቻ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ሙሉ በሙሉ ግልጽ የሆነ ፒክስልም ውስጡ የተደበቀ ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ነጭ ወይም ጥቁር ነው። ፕሮግራሙ መጠን ሲቀይር ግልጽነቱን ካላገናዘበ ያ ቀለም ወደ ጠርዙ ይፈስሳል። የሉካስፊልም ባለሙያዎቹ ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ቀለሙን አስቀድሞ በአልፋው አባዝቶ የማስቀመጥን መንገድ አስረድተዋል፤ እንዲህ ሲሆን የግልጹ ፒክስል ቀለም ዜሮ ስለሚሆን የሚፈስስ አይኖርም። ፒኤንጂ ግን ሳይባዛ ነው የሚያስቀምጠው።

ቲሸርት ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይገለበጣል። ምስሉን መጀመሪያ ፊልም ላይ አትሞ በሙቀት ወደ ጨርቅ በሚያዛውረው ዲቲኤፍ ሲታተም ከቀለሙ ሥር ነጭ ቀለም ይደረጋል። ያ የለሰለሰ፣ ከፊል ግልጽ የሆነ ጠርዝ ሥሩ ነጭ ስለሚገባበት ጥቁር ቲሸርት ላይ ብናኝ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ለጨርቅ ጠርዙን ጥርት አድርጎ መቁረጥ፣ ነጩንም በትንሹ ወደ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ለስክሪን ጥሩ የነበረው እዚህ ጥፋት ይሆናል።

እኔ አንድ ጊዜ ለወፍጮ ቤት ባነር 500 ፒክስል የሆነ ሎጎ አንድ ሜትር አድርጌ ለጠጥኩት። አንዱ ፒክስል 2 ሚሊ ሜትር ሆነ። በስክሪን ያላየኋት መስመር ባነሩ ላይ ከመንገድ ማዶ ታየች። ባለቤቱ «ዙሪያውን ዱቄት ነው?» አለኝ። ለእንዲህ ያለ መጠን የሚያስተማምነው ሎጎውን በቬክተር፣ ማለትም በፒክስል ሳይሆን ቢለጠጥም በማይደበዝዝ መስመር እንደገና መሥራት ነው። ኢንክስኬፕ የሚባለው የቬክተር ፕሮግራም ምስሉን ራሱ ተከትሎ ይሥላል፤ ትንንሽ ፊደል ላይ ግን የ«ማ»ን ዓይን ይደፍነዋል። ጽሑፉን እንደገና መተየብና ወደ አውትላይን፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ መቀየር ይመረጣል። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ስለሚሆን ይህ ለእኛ ድርብ ጥቅም አለው።

ከመታተሙ በፊት ሎጎውን ከሥሩ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያም የባነሩን ትክክለኛ ቀለም አድርጎ 400 በመቶ አጉልቶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነጭ ስክሪን ላይ ብቻ አይቶ «አልቋል» ያለ ሰው ቀለሙንም ሸራውንም ከኪሱ ይከፍላል።