አዞ መሳይዋ እንሽላሊት፦ የሚባለውና እውነቱ

ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ባለችው የኒው ጊኒ ደሴት ጥቅጥቅ ደን፣ በጅረት ዳር፣ እርጥብ ቅጠልና የበሰበሰ ግንድ ሥር ተሸሽጋ የምትኖር ትንሽ እንሽላሊት አለች። ቁመቷ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጀርባዋ ላይ በረድፍ በተደረደሩት እሾሃማ ቅርፊቶች የተነሳ «ባለ ቀይ ዓይን አዞ ስኪንክ» ትባላለች (ስኪንክ የአንድ የእንሽላሊት ወገን ስም ነው)፤ ሳይንሳዊ ስሟ ትሪቦሎኖተስ ግራሲሊስ ነው። እንዲህ ያለ መልክ ወሬ መጥራቱ አይቀርም።

«የአዞ ዘመድ ናት።» መመሳሰሉ ከቆዳ አያልፍም። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ለአዞ በዝምድና የሚቀርቡት ወፎች ናቸው፤ እንሽላሊት ደግሞ የምትዛመደው ከእባብ ጋር ነው። በዘር ሐረግ ከሄድን፣ ከዚህች እንሽላሊት ይልቅ ዶሮ ለአዞ ትቀርባለች።

«ዓይኗ ቀይ ነው።» ብርቱካናማው ቀለም ያለው በዓይኗ ዙሪያ ባለው ቆዳ ላይ ነው። ልጆቹ ደግሞ ሲፈለፈሉ ይህ ቀለበት የላቸውም፤ የሚወጣላቸው እያደጉ ሲሄዱ ነው።

«መርዘኛ ናት።» አይደለችም። ስኪንኮች መርዝ የላቸውም፤ የእሷም ምግብ ነፍሳትና ትንንሽ ትላትል ነው።

«እንሽላሊት ዕንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች።» ብዙዎቹ እንሽላሊቶች እውነትም እንደዚያ ናቸው። ይህቺ ግን በአንድ ጊዜ የምትጥለው አንድ ዕንቁላል ብቻ ነው፤ ያቺን አንዲት ዕንቁላል በቀላሉ አትለቅም። ቅጠል ውስጥ ሸሽጋ፣ ሰውነቷን አጥፋ ትከብባታለች። አንድ ነገር ሲጠጋት አፏን ከፍታ ትወረወራለች። ሁለት ወር ያህል የሚፈጅ ጥበቃ ነው፤ ይህችን ለምታክል ፍጥረት ቀላል አይደለም።

«እንሽላሊት ድምፅ የላትም።» ይህቺ ሲይዟት ትጮኻለች። ጩኸቱ ካላዋጣ ደግሞ ደርቃ ትቀራለች፤ እግሯን ቢያንቀሳቅሱት፣ በጀርባዋ ቢገለብጧት ንቅንቅ አትልም። የሞተች መስሏቸው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። ጥቂት ተዉአት፣ ተነስታ ትሄዳለች።

«የሐሩር አገር ፍጥረት ስለሆነች ፀሐይ ትወዳለች።» ከሁሉ የሚጎዳት ስህተት ይህ ነው። ደኑ ሞቃት ቢሆንም ከዛፎቹ ሥር ያለው መሬት ጥላና እርጥበት አይለየውም። ቀን ቀን ትደበቃለች፤ ወጣ የምትለው አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ ነው። ቤት ውስጥ የሚያሳድጓት ሰዎች ኃይለኛ የማሞቂያ መብራት ሲያበሩባት ቆዳዋ ይደርቃል፣ ምግብም ትተዋለች። የሚያስፈልጋት መጠነኛ ሙቀት፣ እርጥብ አፈር፣ ገብታ የምትነከርበት ጥልቀት የሌለው ውኃና ጥሩ መደበቂያ ነው።