ፓውላ ሬጎ፣ ቀልድና ቁጣን አብራ የሣለች ሠዓሊ

ፓውላ ሬጎ በ1935 ሊዝበን ተወልዳ በ2022 ለንደን ያረፈች ሠዓሊ ናት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፖርቱጋልም እንግሊዝም የኔ ናት ይላሉ።

ያደገችው በፖርቱጋሉ መሪ በሳላዛር አምባገነናዊ አገዛዝ ሥር ነው። ያኔ ያገባች ሴት ያለባሏ ፈቃድ ከአገር መውጣት አትችልም ነበር። አባቷ አገሩ ለሴት አይሆንም ባይ ስለነበሩ ወደ እንግሊዝ ላኳት። ከ1952 እስከ 1956 በለንደኑ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረች። የ1960ዎቹ ሥራዎቿ በአብዛኛው ወረቀት እየቆራረጠች የገጣጠመቻቸው፣ ፖለቲካ ቀመስ ሥዕሎች ናቸው።

ቀልዷ በደንብ አፍ ያወጣው በ1981 ነው። ባሏ፣ ሠዓሊው ቪክተር ዊሊንግ፣ በልጅነቱ ስለነበረው የአሻንጉሊት ቲያትር አጫወታት። እሷም የቲያትሩን እንስሳት ወስዳ የትዳር ጣጣ ውስጥ ዶለቻቸው። በአንደኛው ሥዕል ቀዩ ዝንጀሮ ሚስቱን ይደበድባል። በሌላው ሚስት ሆዬ ትልቅ መቀስ ይዛ ጅራቱን ትቆርጣለች፤ እሱ ያስታውካል። ጅራቱ የምን ምሳሌ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

«የፖሊሱ ልጅ» (1987) የበለጠ ጸጥ ያለ ሥዕል ነው። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ወጣት ክንዷን የአባቷ ቦት ጫማ ውስጥ ከታ ትወለውላለች። ታዛዥ ትመስላለች፤ አያያዟ ግን ለጫማው ያሰጋል። በ1994 በፓስቴል (ጠመኔ መሰል ደረቅ ቀለም) የሣለቻት «ውሻ ሴት» ደግሞ በአራት እግሯ ሆና ጥርሷን ታሳያለች። ለሬጎ ይህ ውርደት ሳይሆን ጉልበት ነው።

በ1998 ፖርቱጋል ጽንስ ማቋረጥን ለመፍቀድ ሕዝበ ውሳኔ ጠራች። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ከሦስት አንድ እንኳ አልሞላም፤ «አይሆንም» በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ሬጎ በንዴት ተነሣች። በድብቅ ያስወረዱ ሴቶችን በአልጋ ላይ፣ ከባልዲ አጠገብ ሣለች። አንዷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳለች። ደም አይታይም፤ አንዳንዶቹ ተመልካቹን ፊት ለፊት ያፈጡበታል። ቀልድ እዚህ የለም። ብዙ ሰው ጋ እንዲደርሱም በብረት ሰሌዳ ቀርጻ አተመቻቸው። በ2007 ሕዝቡ እንደገና ተጠየቀ፤ ድምፅ ከሰጠው ወደ 59 በመቶው «ይሁን» አለ። ሥዕሎቹ ለውጤቱ አስተዋጽኦ አድርገዋል ይባላል። መጠኑን መለካት ቢከብድም፣ አላደረጉም ብሎ መከራከር የበለጠ ይከብዳል።

በ2009 በፖርቱጋሏ ካሽካይሽ ከተማ ውስጥ በስሟ «የተረቶች ቤት» የተባለ ሙዚየም ተከፈተ። ሁለት ቀይ ማማዎች ያሉትን ሕንፃ የነደፈው ኤድዋርዶ ሶቶ ደ ሞራ ነው፤ የመረጠችውም ራሷ ናት።